ጀማሪ ሞተረኛ ከማን ይማር?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲጋጭ ከፖሊስና ከአምቡላንስ ጋር ሌላ ቡድንም ወደ ቦታው ይከንፍ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የሚመራው ይህ ቡድን አስፋልቱ ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት ይለካል፣ የተሰነጠቀውን ሄልሜት ይመረምራል፣ ምስክሮችን ያነጋግራል፣ የተረፈውን ሞተረኛም ይጠይቃል። በዚህ መንገድ 900 አደጋዎች አንድ በአንድ ተጠኑ፤ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችም ተገላበጡ። ውጤቱ በ1981 ታተመ። ለሞተረኞቹ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ሞተር መንዳት ማን እንዳስተማራቸው ነበር። 92 በመቶዎቹ በራሳቸው፣ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኙ።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሞተረኛ ያልሰለጠነ ነበርና። ኸርት ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አደጋ በደረሰባቸው መንገዶች በሰላም የሚያልፉ ሞተረኞችንም አስቁሞ እየጠየቀ አነጻጸረ። የሰለጠነው ሰው አደጋ ውስጥ የሚገባውም፣ ሲገባ የሚጎዳውም ባነሰ መጠን ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ለጀማሪ ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ጥናቱ አደጋው እንዴት እንደሚፈጠር ማሳየቱ ነው። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ናቸው። ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነሳው ሞተረኛው ሳይሆን ሾፌሩ ነበር። ተደጋግሞ የታየው ደግሞ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት ለፊት ለሚመጣው ሞተር መንገዱን የሚዘጋበት ነው። ሾፌሩ ሁልጊዜም «አላየሁትም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ሞተረኛው አንድ ነገር ለማድረግ የቀረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

በዚያች ሁለት ሰከንድ አብዛኞቹ ያደረጉት አንድ ዓይነት ነበር። የኋላውን ፍሬን ረገጡ፣ ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ፣ የፊት ፍሬኑን ግን እምብዛም አልነኩትም። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ መሬት መጨበጡን ሲቀንስ የፊተኛው ይጨምራል። ለዚህ ነው ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉ ከፊት ፍሬን የሚገኘው። የኢትዮጵያ ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከጓደኛው የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «የፊቱን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» የሚል ነው። ምክሩ ከባዶ አልመጣም። የፊት ፍሬንን በድንጋጤ ጨምድዶ የያዘ ሰው ይወድቃል፤ ቀስ በቀስ እያጠበቀ የሚጭን ግን ይቆማል። ልዩነቱ በጣት የሚለመድ ነገር ስለሆነ በምክር አይተላለፍም።

መታጠፍም እንዲሁ ነው። ሞተር ከሩጫ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የቀኙ እጀታ ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ለሰሚው የተገለበጠ ይመስላል፤ መሪው ለቅጽበት ወደ ግራ ሲዞር ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል። ብስክሌት ሠሪ የነበረው የአውሮፕላን አባት ዊልበር ራይት ብስክሌት ነጂዎችን እንዴት ወደ ግራ እንደሚታጠፉ እየጠየቀ፣ ሁሉም የማያደርጉትን ነገር ይነግሩት እንደነበር ጽፏል። እጃቸው የሚያውቀውን አእምሯቸው አያውቀውም። ጥሩ ሞተረኛ የሆነ ጓደኛ መጥፎ አስተማሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚሠራውን በትክክል ይሠራል፣ ሲያስረዳ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

የአሜሪካ ሞተር አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1973 የሞተር ሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ሞተር የሚሸጥ ሰው ስለ ደኅንነት ማስተማሩ ጥርጣሬ መጫሩ አይቀርም፤ የሞተ ደንበኛ ሁለተኛ ሞተር እንደማይገዛ ግን እነሱም ያውቃሉ። ተቋሙ ያዘጋጀው የጀማሪዎች ትምህርት ዛሬ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይሰጣል። መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት የንድፈ ሐሳብ ትምህርት አለ፤ በኢንተርኔትም ይወሰዳል። ቀጥሎ ሁለት ቀን ተከፋፍሎ በጠቅላላው 10 ሰዓት ያህል መንዳት ነው። ቦታው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ነው። ሞተሩን ትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ ትንሽና ቀላል፣ ብዙ ጊዜም ከ500 ሲሲ በታች ነው። ተማሪው ሄልሜት፣ ጣት የሚሸፍን ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው አይነዳም።

ፍጥነት ፈልጎ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት ይሰላቻል። ሞተሩ ሳይነሳ መውጣትና መውረድ፣ ገፍቶ መውሰድ፣ እያንዳንዱን ማብሪያና ማጥፊያ ዓይን ሳይጥሉ በጣት ማግኘት ይለማመዳል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና የፍሪሲዮን ሰዓት ይመጣል። ተማሪው ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ሞተሩ መሳብ እስኪጀምር ብቻ ይለቅቃል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ይጨብጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ነዳጅ አይሰጥም። ይህንኑ እየደጋገመ ሞተሩ የሚይዝባትን ያቺን ቀጭን ቦታ የግራ እጁ እንዲያውቃት ያደርጋል። ጓደኛ የሚያስተምረው ሰው ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ይዘልለዋል፤ ቀሪውን ሳምንት ደግሞ መብራት ላይ ሞተሩ እየጠፋበት፣ ከኋላው መኪና ጡሩምባ እየነፋበት ያሳልፋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። ቀጥታ መሄድ፣ ማርሽ መቀያየር፣ መታጠፍ፣ በድንገት መቆም፣ እንቅፋት መሸሽ ይከተላሉ። በየሜዳው የሚፈራው ግን ቀርፋፋው ልምምድ ነው፤ ስፋቱ 6 ሜትር ገደማ በሆነ ሳጥን ውስጥ እግር ሳያስነኩ መዞር። ጀማሪ መስመሩን ትኩር ብሎ ስለሚያይ መስመሩ ላይ ይወጣል። ሞተር ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል። አገጭን አንስቶ በትከሻ ላይ ወደ መውጫው ማየት፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ መያዝ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ መጫን ሲቀናጁ ሳጥኑ ሰፊ ይሆናል። በመጨረሻ ፈተና አለ፤ ያለፈ ሰው በብዙ ግዛቶች የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱን የመንዳት ፈተና አይፈተንም። በካሊፎርኒያ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው ግዛቱ ያጸደቀውን ስልጠና ሳይወስድ የሞተር መንጃ አያገኝም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ለአንድ ምግብ ቤት በሞተር ምግብ ላመላልስ የሚል የ20 ዓመት ልጅም ወደዚያ ሜዳ መሄዱ የግድ ነው።

እንግሊዞች የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። ሲቢቲ የሚባለው መሠረታዊ ስልጠና እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ግዴታ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ተማሪው መጀመሪያ ከ20 ሜትር ርቀት የመኪና ታርጋ ማንበብ አለበት፤ ካላነበበ እዚያው ያበቃል። በሜዳ ላይ አንድ አሠልጣኝ ከ4 ተማሪ በላይ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ከ2 በላይ መያዝ አይችልም። የአሜሪካው የጎደለውና የእንግሊዙ ያለው መንገዱ ነው፤ ተማሪው ጆሮው ላይ ራዲዮ አድርጎ፣ አሠልጣኙ ከኋላ እየተከተለው ቢያንስ ሁለት ሰዓት እውነተኛ ትራፊክ ውስጥ ይነዳል። ፈተና የለውም፤ አሠልጣኙ ሲረካ ይፈርማል፣ ካልረካም ሌላ ቀን ተመለስ ይላል። ወረቀቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ እስከ 125 ሲሲ ሞተር ያስነዳል፤ ሰው መጫንም በአውራ ጎዳና መሄድም ግን አይፈቅድም። አንድ ቀን ሰልጥኖ በማግስቱ የምግብ ሣጥን ጭኖ ለንደን መሃል መግባት የሚያስችል መሆኑ ድክመቱ ነው።

ታዲያ ስልጠና ያድናል? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ዙሪያ የተሠሩ 23 ጥናቶችን ሰብስበው ገምግመው ነበር። አብዛኞቹ ጥናቶች በአሠራር ደካማ ስለነበሩ የትኛው ስልጠና አደጋ እንደሚቀንስ መናገር አልቻሉም። አንድ አስገራሚ ነገር ግን ታዝበዋል፤ ከመንጃ ፈቃድ በፊት ስልጠና ግዴታ ሲሆን አንዳንዱ ሰው ፈቃድ የማውጣቱን ሂደት ጀምሮ ይተወዋል፣ ሞተር ስለማይነዳም በሞተር አይጋጭም። ይህ በራሱ ቀላል አገልግሎት አይደለም። በሜዳው ሁለት ቀን ውሎ «ይህ ለእኔ አይደለም» ያለ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም። የሄልሜት ማስረጃ ከዚህ በብዙ ይጠነክራል፤ በሌላ ተመሳሳይ ግምገማ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ስለዚህ ሄልሜት ሳያስለብስ የሚያስተምር አሠልጣኝ ሌላ መመዘኛ አያስፈልገውም፤ ወድቋል።

ስልጠናዎች እኩል እንዳልሆኑ ከታወቀ መምረጥ የተማሪው ሥራ ነው። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ መጠየቅ ይገባል፤ አሜሪካኖቹ በሜዳ ላይ ከ6 አያሳልፉም። ተማሪው ራሱ መሪውን ይዞ የሚቆየው ስንት ሰዓት ነው የሚለው ቀጥሎ ይመጣል፤ «የአንድ ሳምንት ስልጠና» የተባለው ተራ በመጠበቅ ያለቀ ሳምንት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ትንሽ መሆኑና ተማሪው ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት መርገጡም መታየት አለበት። ድንገተኛ ማቆምን የማያለማምድ ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ ኸርት ያያትን ሁለት ሰከንድ አላስተማረም። ሁሉንም ተማሪ አሳልፋለሁ ብሎ የሚኩራራም ያጠራጥራል፤ ጥሩ አሠልጣኝ አንዳንዱን ሰው ገና ነህ ብሎ ይመልሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሞተር የራሱ የመንጃ ፈቃድ ምድብ አለው፤ ሥልጠናውና ፈተናው በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይመራሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያን ምክንያት አድርጋ ከተወሰኑት በስተቀር ሞተሮችን አግዳ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዕቃና ምግብ የሚያደርሱ ሞተረኞች በየመብራቱ ተሰልፈው ይታያሉ። በደቡብና በምዕራብ ከተሞች ሞተር ተሳፋሪም ይጭናል፤ በገጠር የጤናና የግብርና ባለሙያ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ ከጓደኛ ተምረው፣ መንጃውን በኋላ ያወጡ ናቸው። መንገዱ እንደ ሎስ አንጀለስ በቀኝ የሚነዳበት በመሆኑ ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና እዚህም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና አህያው ይጨመራሉ።

ስለዚህ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከግዢው በፊት አንድ ጠዋት ወደ ማሰልጠኛው ሄዶ ቆሞ ይመልከት። ተማሪዎቹ ሄልሜት አድርገዋል? አሠልጣኙ አጠገባቸው ነው ወይስ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ ያያል? ድንገተኛ ፍሬን ሲለማመዱ ታይተዋል? እነዚህን ያላሟላ ቤት ርካሽም ቢሆን አይመዝገቡበት፤ ጓደኛዎ ማገዝ ከፈለገ ደግሞ ጥሩ ሄልሜት አብሮዎት ይምረጥ።