ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛ፣ በሦስተኛው ቀን መኪናው ዳግም ቆመ

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ኤንፒአር አይሱዙ ይነዳል። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ቆቃ አካባቢ መብራቱ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ከፊቱ ያለውን አስፋልት ማየት አቃተው። ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። በቃ፣ አለቀ። ቁልፉን መልሶ ሲያዞር ሞተሪኖው "ጠቅ" ከማለት ውጪ ምንም አላለም። የንጋቱ ገበያ አመለጠው። በማግስቱ "ባትሪህ ሞቷል" ተባለና ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛ። መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ግን ያው ታሪክ ተደገመ።

ባትሪው ምንም አላጠፋም ነበር። የሞተው ዲናሞው ነው።

ዲናሞ የምንለው ዕቃ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ዲናሞ ካላችሁ ሁሉም ይገባዋል፣ እኛም እዚህ ዲናሞ እንላለን። የባትሪ ዋና ሥራ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱንም፣ ቴፑንም፣ የዝናብ መጥረጊያውንም የሚመግበው ዲናሞው ነው፤ ባትሪው ያወጣውንም መልሶ ይሞላለታል። ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል። ውስጡ ያለው ማግኔት ሲሽከረከር ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ዳዮዶቹ ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ ቮልቱ ከልክ እንዳያልፍ ይጠብቃል።

ዲናሞ ሲሞት መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ ባትሪውን እየበላ ይሄዳል። ቀን ላይ ብዙ መንገድ ሊያስኬዳችሁ ይችላል፣ ማታ መብራት ሲበራ ግን ቶሎ ያልቃል። ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው። አዲስ ባትሪ ሲገባ ለሁለት ሦስት ቀን የዳነ ይመስላል።

ለመለየት አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። እንደ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለ ባለ 12 ቮልት መኪና ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 መግባት አለበት። አይሱዙው ባለ 24 ስለሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት፦ ጠፍቶ 25.2፣ ተነስቶ ከ27.6 እስከ 29። ሞተሩ ተነስቶም ቁጥሩ ካልጨመረ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነው። በተቃራኒው ባለ 12ቱ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላ ይጨርሰዋል። (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ በአንድ ልኬት ብቻ አትፍረዱ።)

አንድ ነገር ግን እባካችሁ ተዉ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚባለውን ሙከራ። ድሮ መኪና ውስጥ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ግን ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ይዘልና ዳዮዱንም፣ የመኪናውን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል።

ዲናሞው ነው ተብሎ ከታወቀም ቶሎ ወደ ሶማሌ ተራ አትሩጡ። መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ዝጎ እንደሆነ፣ ፊውዙ ተቃጥሎ እንደሆነ ይታይ። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ውስጥ ያለው ትንሽ ካርቦን ነው፤ እሱን ወይም ሬጉሌተሩን ብቻ መቀየር ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ የቺንጋ መንኮራኩሩ፣ የሶኬቱ ቅርጽና የብሎን ቀዳዳው አንድ መሆናቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

መፍታቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። ይህን ረስቶ ወፍራሙን ገመድ በቁልፍ የነካ ሰው ብልጭታውን አይረሳውም። ከዚያ የቺንጋውን አካሄድና የገመዶቹን ቦታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቺንጋውን አላሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ። አዲሱ ሲገባ ቺንጋው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ያህል ቢሰጥ ይበቃል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ የዲናሞውን ቤሪንግ ይበላል። ኔጌቲቩ የሚታሰረው መጨረሻ ላይ ነው።

አይሱዙና ባለ ናፍጣ ሚኒባስ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በብዙዎቹ ላይ ዲናሞው ጀርባው ላይ ቫኪዩም ፓምፕ ተሸክሟል። ይህ ፓምፕ ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም፤ ፍሬኑን የሚያግዘው እሱ ነው። የዘይት መስመርም አለው። ዲናሞው ተቀይሮ የቫኪዩም ጎማው በደንብ ካልገባ ወይም የዘይቱ መስመር ካልታሰረ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን እርገጡ። የዘይት ጠብታም ፈልጉ። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ይህን ማወቅ በጣም ዘግይቷል።

አሁን ወደ ሁለቱ ባትሪ። አይሱዙ ላይ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች በተከታታይ ይታሰራሉ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ሆኖ 24 ይሰጣሉ። አንዳንድ ላንድክሩዘር ላይ ግን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይታሰራልና ቮልቱ 12 እንደሆነ ይቀራል፣ ጉልበቱ ነው የሚጨምረው። አስጎብኚዎች ለፍሪጅ ሁለተኛ ባትሪ ሲያስገቡ መሀሉ ላይ መለያ ሪሌ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሌሊቱን ፍሪጁ ሁለቱንም ጠጥቶ ያድራል።

የተራገፈ ባትሪ ላይ አዲስ ዲናሞ አስገብቶ "መንገድ ላይ ይሞላል" ማለት አዲሱን ዲናሞ በመጀመሪያው ቀን ማቃጠል ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ አቅሙን እየሰጠ ይግላል። መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ። ሁለቱን ፈትታችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ፣ በአቅሙ አንድ አሥረኛ፦ ባለ 70 አምፔር ሰዓት ከሆነ በ7 አምፔር፣ ባዶ ከነበረ ከ10 ሰዓት በላይ። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፣ ይፈነዳል፤ ቦታው ነፋሻ ይሁን፣ ሲጋራ አይለኮስ። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲድም፣ የቧንቧ ውሃም አይጨመርም። ባለ 24ን ከሚኒባስ በገመድ ለማስነሳት መሞከርም ለትንሹ መኪና አደጋ ነው።

በነገራችን ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ዲናሞ ባይኖራችሁም ትንሿ ባለ 12 ባትሪ አለች፤ የምትሞላው ከትልቁ ባትሪ በመቀነሻ ነው።

የወንድማችን ዲናሞ ሲፈታ ካርቦኑ አልቆ ተገኘ፤ ተቀየረለት። ባትሪዎቹ ግን ለየብቻ ሲለኩ አንዱ ከሌላው በጣም ወርዶ ነበር። ለካ ለቴፑ የሚሆን 12 ቮልት ከአንዱ ባትሪ ብቻ ተስቦ ኖሯል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ሁለቱን ለየብቻ አስሞልቶ፣ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገጥሞ ቴፑን ወደዚያ አዛወረው። አሁን ሌሊት ሲነዳ ቴስተሯ ጎኑ ናት፤ ሻይ ለመጠጣት በቆመ ቁጥር ሞተሩን ሳያጠፋ ይለካል።