ኡትሲራ፦ ሁለት መቶ ሰው፣ አንድ ከንቲባ

ከኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከሃውገሱን ከተማ የተነሳች መርከብ ክፍቱን ባሕር ይዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ስትጓዝ ኡትሲራ ደሴት ትደርሳለች። የደሴቲቱ ስፋት 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዋ ሁለት መቶ አካባቢ ነው። እንዲህም ሆና የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት አላት። በሕዝብ ቁጥር ከኖርዌይ ኮሙነዎች ሁሉ የምታንሰው እርሷ ናት።

ኮሙነ ለሕዝቡ እጅግ የቀረበው የኖርዌይ የመንግሥት እርከን ነው። እዚያ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛን የሚያሰፍረውና ቋንቋ የሚያስተምረው ኮሙነው ነውና። ሥርዓቱ የቆመው በ1837 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው፤ የአካባቢው ጉዳይ ከንጉሡ ሹማምንት እጅ ወጥቶ ለተመረጡ ሰዎች የተሰጠው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የመጠጥ ውኃና የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ በኮሙነው ትከሻ ላይ ናቸው። ሕጉ ትልቅ ትንሽ አይልም። ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ካላት ከበርገን የሚጠበቀው ግዴታ ከሁለት መቶዎቹ የኡትሲራ ሰዎችም ይጠበቃል።

ደሴቲቱ በምሥራቅና በምዕራብ ድንጋያማ ጉብታ፣ በመካከል ዝቅ ያለ ሸለቆ ያላት ኮርቻ መሳይ ናት። ሸለቆው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዘልቅ በሁለቱም ጫፍ ወደብ አለ። ንፋሱ ከሰሜን ሲበረታ በደቡብ፣ ከደቡብ ሲበረታ በሰሜን መጠጋት ይቻላል። ክፍት ባሕር ላይ ላለ ደሴት ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ ባሕር ሰዉን የጎተተው ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ነበር። በየክረምቱ ማብቂያ ዓሣው ለመራባት ወደ ጠረፉ ሲጠጋ ከየአቅጣጫው የመጡ አጥማጆች ይከተሉት ነበር። በ1844 ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ ሁለት የመብራት ማማዎች ጎን ለጎን ተሠሩ። ኋላ አንዱ ብቻ ሲያበራ ቀረ፤ እርሱም ከባሕር ወለል በላይ ባለው ከፍታ ከአገሪቱ የመብራት ማማዎች ቀዳሚ ነው።

ኡትሲራ ለረጅም ጊዜ የምትተዳደረው በካርሞይ ደሴት በነበረችው በቶርቫስታድ ኮሙነ ሥር ነበር። በ1924 ተለይታ ራሷን ቻለች። በማግስቱ ዓመት በተደረገው ምርጫ የሆነው ነገር ደሴቲቱን በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ አስገባት፦ ከአሥራ ሁለቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች አሥራ አንዱን ሴቶች አሸነፉ። አዋላጇ ኦሳ ሄልገሰን ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ከ1926 እስከ 1928ም አገለገሉ። በኖርዌይ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ እርሳቸው ናቸው። የኖርዌይ ሴቶች ሁሉ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት የቻሉት በ1910፣ በአገር አቀፍ ምርጫ ደግሞ በ1913 መሆኑን ስናስብ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ወይም ገና እንደሞላ የአንድ ኮሙነ ምክር ቤት በሴቶች መያዙ ያስደንቃል። ይህ የሆነው በዋና ከተማው አለመሆኑ ለእኔ አንድ ነገር ይነግረኛል። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ስፍራ መራጩ የሚመዝነው በየቀኑ በሥራዋ ላይ የሚያያትን ሰው ነው፤ የአዋላጅን ያህል ደግሞ በየቤቱ የምትታወቅ ሰው ከየት ትገኛለች?

ትናንሽ ኮሙነዎችን የመጠቅለል ግፊት ግን አልቀረም። በ1960ዎቹ በተካሄደው ሽግሽግ ከ740 በላይ የነበሩት ወደ 450 ገደማ ወረዱ። ቶርቫስታድ ራሷ በ1965 በካርሞይ ኮሙነ ተዋጠች፤ ከእርሷ የተገነጠለችው ኡትሲራ ግን ተረፈች። በ2020 ቁጥሩ ወደ 356 ሲወርድም ከቆሙት መካከል ነበረች።

ንፋሱም ሌላ ታሪክ አምጥቷል። በ2004 በደሴቲቱ ላይ ሁለት የንፋስ ተርባይኖች ተተክለው አዲስ ሙከራ ተጀመረ። ንፋስ ሲበዛ ትርፉ ኤሌክትሪክ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጂን ያመርታል፤ ጋዙ በታንከር ይጠራቀማል፤ ንፋስ ሲቆም ደግሞ ያው ሃይድሮጂን መልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል። አሥር ቤቶች በዚህ መንገድ ኃይል አገኙ። ሙከራው በ2008 አበቃ፤ ወጪው ከባድ ቢሆንም ሐሳቡ በተግባር እንደሚሠራ ያሳየ በመሆኑ ዋጋው ከአሥር ቤት ብርሃን በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የሚታሰበው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኖርዌይ መንግሥት በ2020 ከደሴቲቱ ወደ ምዕራብ ያለውን፣ ኡትሲራ ኖርድ የተባለ 1,010 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ባሕር ለንፋስ ኃይል ክፍት አደረገ። ባሕሩ ጥልቅ ስለሆነ ተርባይኖቹ ተንሳፋፊ እንዲሆኑ ታስቧል፤ የታቀደው ኃይልም 1,500 ሜጋ ዋት ነው። ኮሙነ በባሕር ላይ ዕቅድ የማውጣት ሥልጣኑ ከጠረፉ መነሻ መስመር አንድ ኖቲካል ማይል ወጣ ብሎ ያበቃል። ስለዚህ በደሴቲቱ ስም በሚጠራው ባሕር ላይ ፈቃድ የሚሰጠው ኦስሎ ያለው መንግሥት ነው፤ የኡትሲራ ምክር ቤት አስተያየቱን ያቀርባል፤ ውሳኔው ግን የእርሱ አይደለም።