የእጅጋየሁ ሽባባው ድምፅ በሸክላና በመድረክ



በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዝውውር መነጋገር የተለመደ ነው። እኛ ግን እዚህ ባሕር ዳር ባለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንከራከር የሰነበትነው ስለ አንዲት ዘፋኝ ነበር። ክርክሩ ወደ ኩርፊያ ደርሶ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሻዩን ለብቻው መጠጣት ስለ ጀመረና በመካከላችንም ዳኛ ስለ ጠፋ፣ ነገሩን ለጋዜጣዎ አንባብያን ባቀርበው የሚፈርድ አይጠፋም ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ቦታ ቢገኝ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዘፋኟ ሕዝቡ «ጂጂ» እያለ የሚጠራት እጅጋየሁ ሽባባው ናት። (ዘፋኝን እንደ ቤተ ዘመድ መጥራት ልማዳችን ስለ ሆነ «እሷ» እያልኩ ብጽፍ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።) የትውልድ አገርዋ ከባሕር ዳር ተነሥተው በዳንግላና በእንጅባራ አድርገው የሚደርሱባት ቻግኒ ናት። ግጥሙንም ዜማውንም ራስዋ የምትደርስ በመሆንዋ፣ እኛ የዚህ አገር ሰዎች ስንሰማት የጎረቤት ልጅ ስታወጋን ይመስለናል። በልጅነትዋ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከአንድ ካህን እንደ ተማረች ይነገራል፤ ድምፅዋም ይህን አይደብቅም። ስለ ዓባይ የዘፈነችውን ደግሞ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ ተቀምጦ መስማት ምን ማለት እንደ ሆነ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያሻም።

ጠባችን እስዋን በመውደድና በመጥላት አይደለም። ሁላችንም እንወዳታለን። ጠባችን የትኛዋ እጅጋየሁ ትበልጣለች በሚለው ነው፤ በስቱዲዮ ተሸላልማ የቀረበችው ወይስ በመድረክ ላይ የተቀዳችው?

ከሸክላው ልጀምር። (ሸክላ ማለቴ ከልማድ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ነገር በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል።) በ2001 እ.ኤ.አ. በስምዋ የተጠራውን አልበም ያወጣው ፓልም ፒክቸርስ የተባለው የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ ነበር፤ ብላክዌል ቀደም ሲል ቦብ ማርሌን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። አዘጋጁ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን፣ ከአገራችን ሰው ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ ሌላ ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተውበታል። ይህ ለአንዲት የቻግኒ ልጅ ትልቅ ክብር ነው፤ ለእኛም ኩራት ነው፤ አልክድም። አልበሙም መልካም አልበም ነው። «ጉራማይሌ» የሚለውን ዘፈን ሳዳምጥ፣ የውጭው መሣሪያና የአገሩ ዜማ ልክ እንደ ስሙ ጉራማይሌ ሆነው ሲያምሩ እሰማለሁ።

ያጣላን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ላስዌል እነዚያኑ ዘፈኖች አፍርሶ እንደ ገና በመሥራት፣ ድምፅዋንም በማሚቶ ውስጥ አንሳፎ፣ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣቸው። በ2006 ደግሞ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» መጣ፤ ትርጉሙ ወርቅና ሰም ማለት ነው። የቅኔን ስም ይዞ ለወጣ ሥራ፣ እንደ እኔ ጆሮ፣ ሰሙ በዛ። ምቱ በምት ላይ፣ ማሚቶው በማሚቶ ላይ ተደራርቦ፣ ከሥርም ባሱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱን ቃል ለመያዝ ሦስት ጊዜ መልሼ አዳምጫለሁ። የግጥም ሰው ሲዘፍን ቃሉ ከጠፋ ምን ቀረ?

«ጋሼ፣ እርስዎ ማሲንቆ ካልሰሙ ዘፈን የሰሙ አይመስልዎትም» አለኝ ወጣቱ ባልደረባዬ። «ይህ እኮ ለዓለም ጆሮ የተሠራ ነው።»

«ዓለሙ ይስማ፤ እኔም ልስማ እንጂ!» አልኩት።

ገንዘብ ያዣችን በበኩላቸው «እኔ ወጥ ስሠራ ሁለቱንም እሰማለሁ፤ በሁለቱም ወጡ አርሮብኝ አያውቅም» ብለው ሊያስታርቁን ሞከሩ። አልታረቅንም።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከሰከላ ለሕክምና መጥተው ከእኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ነው፤ ዓባይን ከምንጩ ጠጥተው ያደጉ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮአቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ማታ ማታ እንዲጫወቱ ብዬ ያን በማሚቶ የተሠራውን ከፈትኩላቸው። ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ይቺ ሴት ምን ሆና ነው ከጉድጓድ ውስጥ የምትጣራው? ሰው አያወጣትም?» አሉኝ። ሳቄን ውጬ በዚያው በ2003 እ.ኤ.አ. አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የቡድን ስም የወጣውን «ዛየን ሩትስ» የተባለውን ሥራዋን አስከተልኩ። ይኸኛው ክራርን በመሳሰሉ መሣሪያዎች፣ ያለ ብዙ መቀባባት የተዘጋጀ ነው፤ የሚገርመውም ላስዌል በዚህም እጁ አለበት። አክስቴ ከተጋደሙበት ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሰይ፣ አሁን ወጣች» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ እስኪያልቅ ድረስ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ይህን በማግሥቱ ለባልደረባዬ ብነግረው «አንድ አሮጊት ምስክር አይሆኑም» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን ላልፈው አልችልም፤ እውነት አለበትና። ያ ሁሉ ቅብ ባይኖር ኖሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለ ሰው የቻግኒን ልጅ ከየት ያገኛት ነበር አለ። እሱ ራሱ የተማሪ ቤት ጓደኛው በጆሮ ማዳመጫ አሰምቶት እንደ ወደዳት፣ አማርኛውን ከልቡ ያዳመጠውም መጀመሪያ ምቱ ስለ ማረከው እንደ ሆነ ነገረኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በሩ በዚያ በኩል የተከፈተለት ሰው በሩን ቢወድ አይፈረድበትም።

መልሱን ያገኘሁት በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ምስጋና ኢትዮጵያ» ከተባለው የመድረክ ቅጂ ነው። እጅጋየሁ ከላስዌል ቡድን ከማቴሪያል ጋር ሕዝብ ፊት የተጫወተችው ነው። ጸጥ ያለ ነገር እንዳይመስልዎ፤ ባሱ እዚያም ከባድ ነው፤ ጊታሩም ይጮኻል። ስለዚህ የእኔ ክስ በመሣሪያው ብዛት ወይም በፈረንጁ ላይ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ለራሴም ገባኝ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ዘፋኟም ያችው ናት፤ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ መቆማቸው ነው። እስዋ ቃሉን ስታስረዝም የሚጠብቅዋት ይመስለኛል፤ ስትቸኩልም ይከተልዋታል። አንዳንድ ቦታ ድምፅዋ ይሻክራል፤ ሻካራው ግን የእስዋ ነው።

በስቱዲዮ ያለው አሠራር ሌላ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ መስመር ለብቻው ይቀዳል። ከበሮ መቺው ሰኞ፣ ጊታር ተጫዋቹ ረቡዕ፣ ዘፋኟ ዓርብ ሊመጡ ይችላሉ፤ ዛሬማ በሦስት አገር ሆነው ሳይተያዩ መቅዳት ይቻላል። ቀጥሎ ባለሙያው ያጎላል፣ ያደበዝዛል፣ ማሚቶ ይጨምራል፣ የተሳሳተውን ያቃናል። ነገሩ ከእኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ የአቤቱታ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ሁሉም ማኅተሙንና አስተያየቱን እያሳረፈበት፣ በመጨረሻ አመልካቹ የጻፈው ራሱ የማይነበብበት ጊዜ አለ። ማኅተሞቹ ግን ሁሉም ትክክለኛ ናቸው።

በቀድሞው ጊዜ ይህ አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር ማሲንቆአቸውን ይዘው ለሸክላ ሲዘፍኑ፣ ስሕተት ቢገኝ የሚጠርግላቸው መሣሪያ አልነበረም። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ለካይፋ ሲቀዳም፣ የዘመኑ ልማድ ዘፋኙና ባንዱ በአንድነት ሆነው መቅዳት ነበር። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች ፈረንጆች በውድ ዋጋ እየፈለጉ የሚገዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ብላክዌል ራሱም ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ አልፎበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርሌና ዌይለርስ ከጃማይካ ቀድተው ባመጡት «ካች ኤ ፋየር» ላይ፣ ለሮክ አድማጭ ጆሮ እንዲስማማ ብሎ ለንደን ላይ ጊታርና ኪቦርድ አስጨመረበት። ሸክላውም ስማቸውን አስጠራ። በ2001፣ የእጅጋየሁ አልበም በወጣበት ዓመት ማለት ነው፣ የጃማይካው ቅጂ ሳይነካካ ከተለወጠው ጋር አብሮ ታተመና አድማጭ ሁለቱን ጎን ለጎን ለመስማት በቃ። «ኖ ውማን ኖ ክራይ» የተባለው ዘፈን ደግሞ በ1974 በስቱዲዮ ተሠርቶ ወጥቶ ነበር፤ ሰው በብዛት የሚያውቀው ግን በዓመቱ ለንደን ላይስየም አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ አብሮ እየዘፈነ የተቀዳውን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ባሕር ማዶውን ብቻ የምወቅስ እንዳይመስል፣ በዚሁ በከተማችን የደረሰብኝን ልናገር። የእርቅ ምሽት ይሁን ተብሎ፣ ኩርፈኛውን ባልደረባዬን ጨምረን አምስት ሆነን ከሐይቁ ብዙ ወደማይርቅ አንድ የአዝማሪ ቤት ሄድን። አንባብያን እንደሚያውቁት በአዝማሪ ቤት አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ፣ አዙሮና ጨምሮበት ይመልሳል። የጎጃምና የጎንደር ዘፈን የኖረው በዚህ መቀባበል ነው። እኔም ከቢሮ ጀምሬ ሳብሰለስላት የመጣሁትን አንዲት ግጥም ሰጠሁ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞታል፤ አጠገቡ ያለው ኪቦርድ ምት ያወርዳል፤ በማይክሮፎኑም ላይ ያ ማሚቶ የሚሉት መጥቷል። ግጥሜን ተቀበለ፤ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፤ ሰውም ዞሮ ተመለከተኝ። እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም! ያሞግሰኝ ይሰድበኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ገንዘብ ግን ግንባሩ ላይ ለጥፌለታለሁ።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዱ «ኡ» ተባለ፤ ሻማ መጣ። አዝማሪው ገመዱን ከማሲንቆው ነቅሎ ወንበሩን ወደ መካከላችን ሳበና በባዶ ድምፅ ቀጠለ። ቤቱ ጠበበ ልበል ወይስ እኛ ተጠጋጋን፤ የጭራው መፋቅ እንኳ ይሰማ ጀመር። አንዲት ከጥግ የተቀመጡ እናት ስለ ልጃቸው ግጥም ሰጡ፤ ልጁ ወጥቶ ያልተመለሰ ነው። ያ ሰው ግጥሙን ተቀብሎ እንደ ሳቀብኝ አልሳቀም፤ ዝቅ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ጊዜ መለሰላቸው፤ የራሱን አንዲት ስንኝ ብቻ ጨመረ። እናትዮዋ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ባልደረባዬን ዘወር ብዬ አየሁት፤ ስልኩን አውጥቶ ሊቀዳ ጀምሮ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

መብራት ሲመጣ ገመዱ ተመልሶ ተሰካ። እናትዮዋ ግን ወጥተው ሄደዋል።

በመንገድ ላይ «እህ፣ አሁንስ?» ብለው «ጋሼ፣ ይህኛው በአልበም ሊገባ የማይችል ነገር ነው፤ ስለዚህ አልበምን በዚህ መመዘን አይገባም» አለኝ። አሁንም ልጁ ሞኝ አይደለም። እኔ ግን ስቱዲዮ ይዘጋ አላልኩም። የምለው ይህ ነው፤ የእጅጋየሁን ሥራዎች መብት የያዙ ሰዎች፣ ማርሌን እንዳደረጉለት፣ ድምፅዋ ሳይሸፈን የተቀዳ ቢኖራቸው ከተሠራው ጎን ያውጡልን። የራዲዮ ጣቢያዎቻችንም ዓባይን ሲያነሡ ሁልጊዜ አንዱን የስቱዲዮ ቅጂ ብቻ ከማሰማት የመድረኩንም ያሰሙን። የመድረክ ዝግጅት ቀርጾ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ካሴቱ ሻጋታ ሳይበላው ወደ ሌላ ያስገልብጠው። የአዝማሪ ቤት ባለቤቶችንም ማሚቶውን ጥቂት ዝቅ እንዲያደርጉልን እለምናለሁ፤ ለግጥማችን የምንከፍለው መልሱን ለመስማት ነውና።

ባልደረባዬ ወደ ሻዩ ጠረጴዛ ተመልሷል፤ ኩርፊያው ቀርቷል፤ ክርክሩ ግን እንዳለ ነው። ከሁለታችን የተረታው በጣና ዳር ለክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ ዓሣ ሊጋብዝ ተስማምተናል፤ ሠራተኛው አሥራ አንድ ነው። አንባብያን ፍርዳችሁን ብትልኩልን ደስ ይለናል፤ ከወሩ መጨረሻ በፊት ባይደርስ ግን ለሁለታችንም ይሻላል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከባሕር ዳር