ካርታ ዘርግተን እንጓዝ፦ ከአቢጃታ ሐይቅ እስከ ኮንሶ ካብ



በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ካርታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ወንዙ በሰማያዊ፣ ተራራው በቡናማ፣ ደኑ በአረንጓዴ ቀለም ተመልክቷል። ተማሪውም ስሙን ይሸመድዳል፤ ለፈተና ይጽፋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። «ይህን ደን የሚጠብቀው ማን ነው? የዚህንስ ጉድጓድ ውሃ ማን ለማን ያካፍላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ጥያቄው ካልተነሣ ደግሞ ሀገርን ማወቅ ስም ከማወቅ አያልፍም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የመኪና ጉዞ በካርታ ላይ ማስቃኘት ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በዝዋይ በኩል ሻሸመኔ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባሌን ያያል። ተመልሶም በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ኮንሶ ይገባል፤ በአርባ ምንጭና በወላይታ ሶዶ በኩል ይመለሳል። ዕድሉን አግኝቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ያጣራ፤ የየአካባቢውን ሽማግሌም ፈቃድ ይጠይቅ።

በየማረፊያው ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛ፣ እዚህ ያለው ሀብት ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ጠባቂው ማን ነው፣ ደንቡስ ምን ይላል? ሦስተኛ፣ ደንቡን ለልጅ የሚያስተምረው ማን ነው?

አቢጃታ፦ መውጫ የሌለው ሐይቅ

ዝዋይን አልፈን ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ በስተቀኝ በኩል አቢጃታና ሻላ ይገኛሉ። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሲሆን አቢጃታ ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው። ከአቢጃታ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው የሚቀንሰው በትነት ነው፤ የሚሞላው ደግሞ በዝናብና በገባሮቹ፣ በተለይም ከዝዋይ ሐይቅ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። በዝዋይና በቡልቡላ ዙሪያ የመስኖ እርሻ ሲስፋፋ ወደ አቢጃታ የሚደርሰው ውሃ አነሰ። የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ማትነን ያዘ። ሐይቁ ሸሸ፤ የቀረው ውሃ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካኖች ጎጆአቸውን የሚሠሩት አውሬ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ሲሆን ዓሣ የሚያጠምዱት አቢጃታ ነበር። ጎጆው እዚህ፣ ጓዳው እዚያ ማለት ነው። ጓዳው ሲራቆት ጎጆውም ባዶ ሆነ።

ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይሁን እንጂ የፓርኩ ጠባቂ ከወሰኑ ውጭ የሚቀዳውን ውሃ ሊከለክል አይችልም። ላይኛው ተጠቃሚ ታችኛውን የማያውቅበት ደንብ፣ ደንብ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ባሌ፦ የውሃ ጎተራ

ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ዲንሾ ስንደርስ ብርዱ ይቀበለናል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ ከ2000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከጎባ የሚነሣው መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ አምባው ከ4000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። በስተደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ አየሩ ይሞቃል፤ የሐረና ደንም ይጀምራል፤ የጫካ ቡናና በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ያለበት አገር ነው።

የአምባው ሣርና ረግረግ ዝናብን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በቀስታ ይለቃል። ዌብ፣ ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌና ሌሎችም ወንዞች ከዚህ ይመገባሉ፤ ሶማሌ ክልልንና ከዚያም ወዲያ ያለውን ቆላ ያጠጣሉ። ስለዚህ በባሌ ላይ የሚታረሰው ረግረግ ጉዳይ የባሌ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ሲኖሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ቀበሮው የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው። ትልቁ ጠላቱ ታዲያ ጠመንጃ አይደለም፤ ከሰፈር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ መንጋው በተደጋጋሚ ተመትቷል። ለዚህም ነው ቀበሮን ለማዳን የገበሬውን ውሻ መከተብ ያስፈለገው። ሌላው ጠላት እሳት ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ብዙ ደን አውድሟል። የእሳትን ነገር ያዙልኝ፤ ቦረና ስንደርስ እንመለስበታለን።

ጌዴኦ፦ ባለ ፎቅ እርሻ

ተመልሰን በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ ስንጓዝ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ዲላ እንደርሳለን። ከዚህ ጀምሮ እስከ ይርጋ ጨፌና ከዚያም ወዲያ ተራራው ደን ለብሶ ይታያል። መንገደኛው «የማን ደን ነው?» ይላል። ደን አይደለም፣ እርሻ ነው! ጥቅጥቅ ብሎ ሰው የሰፈረበት እርሻ።

አሠራሩ እንደ ባለ ፎቅ ቤት ነው። በላይኛው ፎቅ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። በመካከሉ እንሰት፣ ከሥሩ ቡና፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ሥራሥርና ጎመን ይበቅላል። ብርብራ ከአተርና ከባቄላ ወገን ስለሆነ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል። የረገፈው ቅጠል ይበሰብስና ማዳበሪያ ይሆናል። እንሰቱ ውሃ ይይዛል፤ ዝናብ ሲጠፋም ቆጮ ሆኖ ቤተሰብ ያቆያል። ቡናው ደግሞ ገንዘብ ያመጣል። ተዳፋቱ ባዶ ስለማይሆን ጎርፍ አፈሩን በቀላሉ አይወስደውም። የባሕል ሸንጎውም ሶንጎ ይባላል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመክሩበታል። ይህ መልክዐ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ በዚያው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሆኖም እርሻው ለሰው ልጅ ሁሉ መድኃኒት ነው ብለን እንዳናጋንን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። የእንሰት ማሳ በየዓመቱ የሚነቅለው፣ የሚተክለው፣ የሚኮተኩተው ሰው ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ከሌለ ያ ሁሉ የፎቅ ሥራ ይፈርሳል። አፈር በዛፍ ይጠበቃል፤ ዛፉ ግን የሚጠበቀው በሰላም ነው።

ቦረና፦ የተራ ሕግ

ከያቤሎ ወዲያ ያለው አገር ደረቅ ነው፤ ኑሮው ከብት ነው። ቦረናዎች «ቱላ» የሚሏቸው ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሏቸው። ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ዘፈኑ ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እጅ ከእጅ የሚገጥመው በዜማው ልክ ነው።

የዕለቱን ተራ የሚያስከብር «አባ ሄረጋ» የሚባል ሰው አለ። ሄረጋ በኦሮምኛ ቆጠራ ማለት ነው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እርሱ ያውቃል። ውሃውን የሚጠጣ ጉድጓዱን ለመጥረግና ለመጠገን ይወጣል። ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች የሚከለል «ካሎ» የሚባል የግጦሽ መሬትም አላቸው። የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ በጉሚ ጋዮ ጉባኤም ሕጉ በሕዝብ ፊት ይታያል፣ ይታወጃል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. መዝግቦታል።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። ቦረናዎች ጊዜ መርጠው የግጦሽ መሬታቸውን ያቃጥሉ ነበር፤ ቁጥቋጦው ይጠፋል፣ መዥገር ይቀንሳል፣ አዲስ ሣር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦ ሣሩን ወረሰው። ባሌ ላይ ጠላት የሆነው እሳት፣ ቦረና ላይ በባለሙያ እጅ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ደንብን ከአንድ አካባቢ ነቅሎ ሌላው ላይ መትከል አደጋ አለው። ሣሩ ባነሰበት ምድር ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። የተራ ሕግ ያለውን ውሃ በፍትሕ ያካፍላል እንጂ ዝናብ አያዘንብም።

ኮንሶ፦ በድንጋይ የተጻፈ ደብተር

ከያቤሎ ወደ ምዕራብ ታጥፈን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የኮንሶ ኮረብታዎች ይመጣሉ። ምድሩ ተዳፋት፣ ዝናቡ ጥቂትና ድንገተኛ ነው። የኮንሶ ሰው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ካብ ካበበት። ካቡ እስከ 5 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ሥራው ጎርፉን ያቆማል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ትርፉን ውሃ ደግሞ ወደ ታችኛው እርከን ያሳልፋል። በላዩ ላይ ማሽላ ከሌላ እህል ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በየደጁ ሽፈራው ይተከላል፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ለከብቱና ለሰው «ሃርዳ» የተባሉ የጋራ ኩሬዎች ተቆፍረዋል። የጎሳ መሪዎች የሚቀበሩባቸው ደኖችም ተከብረው ኖረዋል። መንደሮቹ በድንጋይ ቅጥር የታጠሩ ናቸው።

ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ያህል የዘለቀ ሲሆን በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ትውልድ የሚቆጠረውም በየአደባባዩ በሚተከለው የትውልድ ግንድ ነው። ይሁንና ካብ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንዱ ድንጋይ ሲወድቅ በወቅቱ ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለው ዝናብ ጎረቤቱን ጭምር ይዞት ይወርዳል። ላይኛው ገበሬ ከሰነፈ ታችኛው ይጎዳል። ስለሆነም ካብ የግል ሥራ መስሎ የጋራ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ።

ከጉዞው የምናገኘው ትምህርት

ሦስቱን ጥያቄዎች አሁን እንመልሳቸው። ሀብቱ በየቦታው የተለያየ ነው፤ ሐይቅ፣ ረግረግ፣ አፈር፣ የጉድጓድ ውሃ። ጠባቂውም ይለያያል፤ የፓርክ ሠራተኛ፣ ቤተሰብ፣ ጎሳ፣ መንደር። የጸናው ግን የላይኛውንና የታችኛውን ሰው የሚያገናኝ፣ ጠጋኙም የታወቀ ደንብ ያለበት ነው። አቢጃታ ላይ የጎደለው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ እኛን ይነካል። እነዚህን ደንቦች ልጅ የሚማረው ከአባቱ ጋር ካብ ሲክብ፣ ከእናቱ ጋር እንሰት ስትፍቅ ሲያይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲዘፍን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ሰዓት ለደብተር ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ባዕድ ነገር ብቻ ካስተማረው፣ ማንበብ የሚችል ነገር ግን የወደቀ ካብ መመለስ የማይችል ወጣት እናወጣለን። ይህ እንዲሆን የሚፈልግ መምህር የለም፤ ሳያስበው ግን ሊያደርገው ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መኪና አያስፈልግም። በተመደባችሁበት ቀበሌ በመጀመሪያው ወር ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከተማሪዎቻችሁ ጋር በእግር ተከተሉ፤ ካርታውንም እነርሱ ይሳሉት። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ክፍል ውስጥ ጋብዙና ስለ አካባቢው ደንብ ይናገሩ፤ ልጆቹ ይጻፉ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የእርከን ርዝመትና የኩሬ ይዘት ይሰላ፤ በሳይንስ የብርብራ ሥር ተነቅሎ ናይትሮጅን የሚይዙት እባጮች ይታዩ፤ በቋንቋ የዛፎች ስም በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋና በአማርኛ ጎን ለጎን ይመዝገብ። ደንቡ የተዳከመበትን ቦታም አትደብቁ፤ ለምን እንደተዳከመ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ። የተሰበሰበው ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው መምህር ከዜሮ አይጀምርም።