ሐዘን ያልተቀመጡ መሪዎች

«ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ድራማነቱ ነው። ኮሚኩ ግን ድራማውን በሰባት ዓመት ይቀድመዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኢሜጅ ኮሚክስ በተባለ የአሜሪካ አሳታሚ መውጣት ጀመረ፤ በ2019 በ193ኛው ቁጥር አበቃ። የመጨረሻው ቁጥር ሲወጣ ማብቂያው መሆኑ አስቀድሞ አልተነገረም ነበር። ደራሲው ሮበርት ኪርክማን ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁጥሮች ቶኒ ሙር ሣላቸው፤ የቀሩትን በሙሉ ቻርሊ አድላርድ። ከዳር እስከ ዳር በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው።

ሪክ ግራይምስ የተባለ የኬንታኪ ፖሊስ በጥይት ተመትቶ ከተኛበት ሆስፒታል ሲነቃ አገሩ በተነሡ ሙታን ተወርሯል። ሚስቱን ሎሪንና ልጁን ካርልን አትላንታ አጠገብ ያገኛቸዋል። አብረዋቸው ያሉት ጥቂት ሰዎች ቀስ በቀስ ዐይናቸውን ሪክ ላይ ይጥላሉ፤ ሳይፈልገው መሪ ይሆናል።

በዚህ ዓለም የሚነሣው የተነከሰ ብቻ አይደለም። አንጎሉ ካልተመታ በቀር በማንኛውም ምክንያት የሞተ ሁሉ ይነሣል። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ይህች ሕግ ናት። ሰው ሲሞትበት አልቃሹ ከለቅሶው በፊት የሚፈጽመው ሥራ አለበት፤ ያውም በሚወደው ሰው ራስ ላይ። ሪክ የልብ ጓደኛውን ሸይንን የቀበረው ይህን ሳያውቅ ነው። ሸይንን የገደለው አባቱን ሊያድን የተኮሰው ትንሹ ካርል ነበር። በኋላ ሪክ ሕጉ ሲገባው ብቻውን ተመልሶ መቃብሩን ይቆፍራል፤ ጓደኛው ተነሥቷል። ይተኩስበታል፤ መልሶ ሳይቀብረውም ይሄዳል። የሚጠብቁት ሰዎች አሉ፤ ሐዘን የሚቀመጥበት ቀን የለውም።

ኪርክማን ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ መሪዎቹን አንድ በአንድ ይፈትናል። ሄርሼል የተባለው ገበሬ የተነሡትን ሙታን፣ የገዛ ልጁን ጭምር፣ በእርሻው መጋዘን ቆልፎባቸዋል። ታመዋል እንጂ አልሞቱም ባይ ነው። በሩ በተከፈተ ጊዜ ሌሎች ሁለት ልጆቹን ያጣል። «ገዢው» የሚባለው፣ ዉድበሪ የተባለችው ከተማ አለቃ፣ ልጄ የሚላትን የሞተች ሕፃን በሰንሰለት አስሮ የሰው ሥጋ ያበላታል። ሌላው መሪ ኒገን ደግሞ ሰው የሚፈጅበትን የቤዝቦል ዱላ ሉሲል ብሎ ይጠራዋል፤ በካንሰር ስትማቅቅ አልጋዋ ሥር የተቀመጠላት ሚስቱ ስም ነው።

ሪክም ከእነዚህ የተለየ ሆኖ አልተሣለም። በ48ኛው ቁጥር የገዢው ጦር የሪክ ሰዎች የተጠለሉበትን እስር ቤት ሰብሮ ሲገባ ሎሪ ሕፃኗን ጁዲትን እንደታቀፈች በጥይት ትወድቃለች። አድላርድ ያንን ቅጽበት ሙሉ ገጽ ሰጥቶታል። ሪክ ካርልን ይዞ ከመሸሽ በቀር ፋታ አያገኝም። በ51ኛው ቁጥር፣ ባዶ ቤት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። በኋላ እንደሚረዳው በመስመሩ ላይ ያለችው ሎሪ ናት፤ ስልኩ ከምንም ጋር አልተገናኘም። እብደት መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም ስልኩን ይዞት ይጓዛል፣ ከሰው ራቅ እያለ ያወራታል። ከተከታዮቹ መካከል ጎራዴ ታጣቂዋ ሚሾንም የሞተ ወዳጇን ታነጋግራለች።

ሄርሼል፣ ገዢው፣ ኒገንና ሪክ አራቱም ሟቻቸውን አልለቀቁም። የሚለያዩት ዕዳውን ማን ላይ እንደሚጥሉት ነው። ገዢው የሌላውን ሰው ሥጋ ያስከፍልበታል፤ ኒገን የሚስቱን ስም ይዞ የሌላዋን ሚስት ባል ይገድላል። የሪክ ስልክ ማንንም አይጎዳም። ንጹሕ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ጭካኔው እየበረታ ሲሄድ ካርል እያየ ነው ያደገው። ግን ሐዘኑን የመግዣ መሣሪያ አላደረገውም፤ ሰው የሚከተለውም በዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ እኔን የምትይዘኝ ማጊ ናት፣ የሄርሼል ልጅ። ቤተሰቧ ሲያልቅ ራሷን ልትሰቅል ሞክራ ተርፋለች። በ2012 በወጣው 100ኛው ቁጥር ደግሞ ነፍሰ ጡር ሳለች ኒገን ባሏን ግሌንን ዐይኗ እያየ በዚያ ዱላ ቀጥቅጦ ይገድለዋል። ማጊ ሒልቶፕ የተባለውን መንደር ወደ መምራት ትደርሳለች። ብዙ ቆይቶ በ174ኛው ቁጥር ኒገንን ብቻውን ታገኘዋለች፣ መሣሪያ ይዛ። ኒገን ስለ ሚስቱ እያነባ ግደይኝ ብሎ ይለምናታል። ማጊ አትገድለውም፤ ከነሐዘኑ እንዲኖር ትታው ትሄዳለች። ይቅርታ ነው ብዬ አላነበብኩትም። በቀልን መተው ያለ ይቅርታም እንደሚቻል ከዚህ በተሻለ ያሳየ ኮሚክ አላየሁም።

ለመጀመር ለሚፈልግ፣ ሥራው በ32 ቅጾች ተጠርዟል። ከ2020 ወዲህ ቀለም የተቀባ እትምም አለ፤ እኔ ግን ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ፤ አድላርድ ፊቶችን የሠራው ለጥላ ነው። ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ቅጽ አከታትላችሁ አንብቡ፤ የሎሪ ሞትና ስልኩ በመካከላቸው ናቸውና።