ለአንዲት ቡናማ ወፍ ባሕር ማቋረጥ

ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ገመሳ ገደል የሚባል አፋፍ አለ። ደጋው እዚያ ላይ ድንገት ያልቅና ቆላው ከሥር በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ የወፍ ተመልካቾች በማለዳው ብርድ እየተንቀጠቀጡ አፋፉ ላይ የሚቆሙት ግን ለመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። የሚፈልጉት ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ መላ አካሏ በቡናማ ጭረት የተዥጎረጎረ አንዲት ወፍ ነው። ሲያገኟት ደስታቸው ወሰን የለውም። በአጠገባቸው በጎቹን የሚነዳ እረኛ ምን እንዳስፈነደቃቸው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ አገኛት። በ1979 ደግሞ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗን በጽሑፍ አሳወቀ። የሚገርመው፣ ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በሰጡት በሌት ማረፊያ ሰፍሮ፣ እስከሞተበት እስከ 1882 ድረስ የሸዋን ወፎች ሲሰበስብ መኖሩ ነው። ሌት ማረፊያ ከአንኮበር ቅርብ ነው፤ ወፊቱ ግን አመለጠችው። ከአሽ በኋላም ለዓመታት ከአንኮበር አካባቢ አፋፎች ውጪ የትም የለችም ሲባል ቆይቶ፣ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች።

ወፍ ለማየት ባሕር የሚያቋርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ያዥ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ወደ 11,000 ከሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች ውስጥ ስንቱን እንዳየ ይቆጥራል። ፊቢ ስኔትሲንገር የተባለች አሜሪካዊት 8,000ውን በማለፍ የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ ወፍ ፍለጋ ላይ ሳለች በመኪና አደጋ ሞታለች። በ2024 ደግሞ ፒተር ኬስትነር 10,000ን ደፈነ። ከ850 በላይ ዝርያ ያላትን፣ ከእነዚህም በርካታዎቹ ሌላ አገር የማይገኙባትን ኢትዮጵያን ሳይረግጡ እንዲህ ያለ ዝርዝር መሙላት ዘበት ነው።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለው ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። ስሙን የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። የአካባቢው ሰው በአባቶቹ ሥርዓት መሠረት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ከልሎ፣ ሲደርስ በጋራ ይከፍተው ነበር። ሥርዓቱ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ መልሶ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የተረፉት በዚህ ነው። ወፎቹም እንዲሁ፤ ሳይንቲስት ሳይጠራ ወፍ ያተረፈው የሣር ሕግ ነው ማለት ይቻላል።

ጓሳ ላይ ረግረጉ ዳር ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ይግጣል። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይኖር ነው፤ ሲያርፍም ሲሄድም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ማስደገፍ ይወዳል። ጠቃጠቆ ደረት ያለው የረግረግ ወፍም የዚህችው አገር ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ቁራው ይታይ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የከበደ ቁራ፣ እበት ላይ ቆሞ በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየጠረገ ይበትነዋል፤ ከሥሩ ያለውን ትል ለመልቀም ነው። ሰማዩ ላይ ደግሞ አጥንት የሚበላው ግዙፍ አሞራ ይዞራል። ትልቁን አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ ለቆ ይሰብረውና ስባሪውን እንዳለ ይውጠዋል፤ የሆዱ አሲድ የቀረውን ይጨርሳል።

መርሐቤቴ ታሪኩ ሌላ ነው። ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገባል። በጀማና በአካባቢው ሸለቆዎች ሐርውድ የሚባል ቆቅ አለ፤ ምንቃሩና እግሩ ቀይ፣ ደረቱ በጥቁር የተነቀሰ ነው። ስሙ የወጣው የወፎቹን ቆዳ ያዘጋጅ በነበረ እንግሊዛዊ ባለሙያ ሲሆን፣ ዝርያውን ያሳወቁት በ1899 ዌልድ ብለንደልና ሎርድ ሎቫት ናቸው። የወንዝ ዳር ቁጥቋጦና ፊላ መሸሸጊያው ነው፤ ማለዳ ይጮኻል፣ ሰው ሲቀርብ ይሰወራል። ጠላቱ ካሜራ ሳይሆን ድስት ነው፤ ሥጋው ይበላል፣ እንቁላሉ ይለቀማል፣ ቁጥቋጦውም ለማገዶ ይቆረጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን፣ አብዛኞቹ እነዚህ ቦታዎች በሚገኙበት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ወደ ክልሉ እንዳትሄዱ ብለዋል። ገቢያቸው በእንግዳ ላይ ለተንጠለጠለ አስጎብኚ፣ ሾፌርና ምግብ ቤት እንግዳ ሲቀር መኖር እንደሚከብዳቸው ግልጽ ነው።

ወፍ ማየት ግን የፈረንጅ ብቻ መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ማለዳ በጣሪያ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ኤርትራ ውጪ የማይገኝ ወፍ ነው፤ ሰው በየቀኑ እየሰማው ቀና ብሎ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እነዚህን ደጋዎችና ሸለቆዎች ለወፎች ወሳኝ ከሆኑ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ካስገባ ቆይቷል። ለጀማሪ ስምንት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉም ይንቀጠቀጣል። መርሊን የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ወፏን በፎቶና በመልኳ ለመለየት ያግዛል፤ ኢበርድ የተባለው ደግሞ ወፏ የታየችበትን ቦታና ቀን ይመዘግባል።

የመሐል ሜዳ ወይም የመርሐቤቴዋ የዓለም ከተማ ተማሪ ከጎብኚው የሚበልጥበት ነገርም አለ። ባሕር ተሻጋሪው የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስከረም በኋላ ነው፤ ሁለት ቀን ያያል፣ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ገደሉን ሲሸፍን ሴሪኗ የት እንደምትውል፣ ዝዮቹ ስንት ጫጩት ይዘው ረግረጉን እንደሚያቋርጡ ሊመዘግብ የሚችለው እዚያው የሚከርም ሰው ነው።