ስልኩ ያላወጣው፣ ጆሮ ግን የሰማው ድምፅ

የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የሰሙትን ብቻቸውን ይዘው መቀመጥ አይችሉም። አንዱ «እስቲ ይህን ስማው» ይላል፤ ሌላው «እሱማ ምኑ ይሰማል» ብሎ ይመልሳል፤ ክርክሩም በዚያው ይጀመራል። በቅርቡ እንዲህ ያለ ክርክር ወደ ቢሮዬ መጥቶ ዳኛ ሆኜ ነበር። ፍርዱን ለመስጠት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ፍርዱ ግን ስሕተት ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስሕተትና ስሕተቱ ስላስተማረኝ ፊዚክስ የሚናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ተማሪዎች በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰቡ የፊልም ሙዚቃ ያዳምጣሉ፤ ያዳመጡትንም ይተቻሉ። በዚያ ዓርብ የተነሣው ፊልም «ኢንተርስቴላር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው ለዚህ የክሪስቶፈር ኖላን ፊልም ሙዚቃውን የደረሰው ሃንስ ዚመር ሲሆን፣ በሙዚቃው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው በለንደን የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ታላቅ ኦርጋን ነው። እዚህ ላይ ኦርጋን ስንል በአገራችን ሙዚቀኞች ዘንድ በዚሁ ስም የሚጠራውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ማለታችን አይደለም። በብዙ መቶዎች አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ቧንቧዎች ውስጥ አየር እየተነፋ የሚሰማውን ጥንታዊ መሣሪያ ማለታችን ነው።

አንዲት ተማሪ ፊልሙን በትልቅ አዳራሽ ተመልክታዋለች። «የኦርጋኑ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ የተቀመጥኩበት ወንበር ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። አንድ ተማሪ ደግሞ ሙዚቃውን የሰማው በመኝታ ክፍሉ ሆኖ ከእጅ ስልኩ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ አልነበረውም። እሱም «ያ ወፍራም ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም» አለ። ልጅቱ ግን «አንተ አልሰማኸውም፤ ስልክ እንዲህ ያለ ድምፅ አያወጣም» ብላ ተከራከረችው። በመጨረሻም «ዶክተር ይፍረዱን» ብለው ወደ እኔ መጡ።

እኔም ፈረድኩ። የስልክ ድምፅ ማጉያ እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ከሞላ ጎደል አያወጣም፤ የኦርጋኑ ወፍራም ድምፆች ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ኸርዝ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሰማሁ የምትለው ምናብህ የፈጠረውን ነው አልኩት። በአካባቢው የነበሩት ሳቁ። ልጁ «ዶክተር፣ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ዓርብ ከማዳመጫው ክፍል ቀረ። የእሱ መቅረት ሲከነክነኝ ሰነበተና አስቀድሜ ላደርገው ይገባኝ የነበረውን አደረግሁ፤ ለካሁ።

ቧንቧውና ስልኩ

በመጀመሪያ ቧንቧውን እንመልከት። ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቧንቧ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ፣ የድምፅ ፍጥነት ለቧንቧው ርዝመት እጥፍ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ታላላቅ ኦርጋኖች 32 ጫማ፣ ማለትም 9.75 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ቧንቧዎች አሏቸው። በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር የሚጓዘው ድምፅ ለ19.5 ሜትር ሲካፈል 17.6 ኸርዝ ይሰጣል። ሞገዱ ከቧንቧው ጫፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ስለሚመለስ እውነተኛው ቁጥር ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 ኸርዝ አካባቢ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ድምፅ ከመሰማት ይልቅ በአካል ይታወቃል። የ8 ጫማው ቧንቧ ደግሞ 65 ኸርዝ ያህል ይሰጣል፤ ይህ ወፍራም ቢሆንም በደንብ የሚሰማ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። አንድ አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ያህል የአየር ግፊት ለመፍጠር አራት እጥፍ ርቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ አለበት። በዚህ ስሌት 650 ኸርዝ የሚያወጣው ማጉያ 65 ኸርዝን በእኩል ኃይል ለማውጣት መቶ እጥፍ መመላለስ ይኖርበታል። የጥፍር ስፋት ላለው ስስ ሽፋን ይህ የማይቻል ነው። እስከዚህ ድረስ ፍርዴ ትክክል ነበር።

በቤተ ሙከራችን ማይክሮፎን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ አንድ የ65 ኸርዝ የኦርጋን ድምፅ በስልክ አሰማሁ። የኮምፒዩተሩ ሥዕላዊ መግለጫ እንደ ጠበቅሁት በ65 ኸርዝ ላይ ምንም አላሳየም፤ በ130 እና በ195 ላይም እንደዚሁ። ከ300 ኸርዝ በላይ ግን ረድፍ ረድፍ የቆሙ መስመሮች ታዩ፦ 325፣ 390፣ 455፣ 520 እያሉ ይቀጥላሉ። እነዚህ ሃርሞኒክ የሚባሉት የመሠረታዊው ድምፅ ብዜቶች ናቸው። ወዲያው ዐይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ። ወፍራሙ ድምፅ ተሰማኝ! ጩኸቱ ደካማ ነው፤ ውፍረቱ ግን የ65 ኸርዙ ራሱ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መስመሮቹን እንደ ገና እንያቸው። በማናቸውም ሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 65 ነው። ሁሉም የ65 ብዜቶች በመሆናቸው አንድ ላይ ሲደመሩ የሚፈጥሩት ሞገድ ቅርጹን በየሴኮንዱ 65 ጊዜ፣ ማለትም በየ15.4 ሺኛ ሴኮንዱ ይደግማል። የ65 ኸርዙ ሞገድ ራሱ በአየሩ ውስጥ ባይኖርም ድግግሞሹ አለ። የመስሚያ ሥርዓታችን ይህን ድግግሞሽ ይዞ የጎደለውን መሠረታዊ ድምፅ ይሰማል። ተማሪው በምናቡ አልፈጠረውም፤ ጤናማ ጆሮ ያለው ሰው የሚሰማውን ነበር የሰማው።

ከእኔ በፊት የተሳሳተው ታላቅ ሰው

ይህን ክርክር የጀመሩት የእኔ ተማሪዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1841 አውጉስት ዜቤክ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ቀዳዳ ያለው ክብ ሰሌዳ እያሽከረከረ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አየር በመንፋት ድምፅ ያወጣ ነበር። መሠረታዊው ድግግሞሽ እጅግ ደካማ በሆነበት ጊዜ እንኳ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ እንደሚሰማ ተገነዘበ። ይህ ዜቤክ በሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ የሚፈጠርበትን ክስተት ያገኘው የቶማስ ዜቤክ ልጅ ነው።

ተቃዋሚው ደግሞ ማናችንም የምናውቀው ሰው ነበር፤ በኤሌክትሪክ ትምህርት ሕጉን የምናጠናው ጌኦርግ ኦም። ኦም እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው ጽሑፍ ጆሮ ድምፅን ወደ ቀላል ሞገዶች ይተነትናል፤ አንድ ድምፅ እንዲሰማ የዚያው ድግግሞሽ ሞገድ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ዜቤክ የሰማውንም የጆሮ መታለል ነው ሲል አጣጣለው። ታላቁ ኸርማን ሄልምሆልትዝም ከኦም ጎን በመቆሙ የዜቤክ ምልከታ ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ። ጉዳዩን በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ገና ያነሣው ሆላንዳዊው ያን ስኹተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሊክላይደር የዝቅተኛውን ድግግሞሽ ሥፍራ በጫጫታ ሸፍኖ ድምፁ አሁንም እንደሚሰማ አሳየ። ጆሮው ውስጥ 65 ኸርዝ በሌላ መንገድ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ጫጫታው ይሸፍነው ነበር።

ኦም መሣሪያ አልጎደለውም፤ ሒሳብም አልጎደለውም። የጎደለው የሰሚውን ቃል እንደ ማስረጃ መቀበል ነበር። እኔም በዚያች ዓርብ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ልጅቱስ?

እሷም የሰማችውን ነው የተናገረችው። ጆሮ የጎደለውን የድምፅ ውፍረት ይሞላል እንጂ የጎደለውን ግፊት አይሞላም። ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ኃይል ከስልክ አይገኝም። ከዚህም በላይ ፊልሙ በወጣበት በ2014 ብዙ ተመልካቾች ሙዚቃው የተዋንያኑን ንግግር ዋጠው ብለው አማርረዋል፤ ኖላንም ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው ሲል መልሷል። ይህም ፊዚካዊ መሠረት አለው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ኮክሊያ ቀጭን ድምፆችን የሚቀበለው በመግቢያው፣ ወፍራሞቹን በመጨረሻው ጫፍ ነው። ስለዚህ የወፍራሙ ድምፅ ሞገድ ወደ ሥፍራው ሲጓዝ በቀጭኖቹ ሥፍራ ላይ አልፎ ይሄዳል። ብርቱ ከሆነም እነርሱን ይሸፍናል። በስልክ የሰማው ተማሪ «ንግግሩ በደንብ ይሰማል» ቢል፣ በአዳራሽ ያየችው «አይሰማም» ብትል ሁለቱም የሰሙትን መናገራቸው ነው።

የማይደርስ መውጣት

አድማጮች ስለ ማጀቢያ ሙዚቃ ከሚሰጧቸው አስተያየቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ፍተሻ ይቀበላሉ። «ደንከርክ» የተባለውን የ2017 የኖላን ፊልም ያዩ ሰዎች «ሙዚቃው ሲወጣ፣ ሲወጣ ይውላል እንጂ አያርፍም» ይላሉ። ይህ ግነት ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ሮጀር ሼፐርድ ያቀረበው የድምፅ አሠራር ነው። አንዱ የሌላው እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ብዙ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ከላይ ያለው ቀስ በቀስ እየደከመ ይጠፋል፤ ከታች ደግሞ ሌላው ቀስ ብሎ ይገባል። ጆሮ መውጣቱን ይሰማል፤ መለዋወጡን ግን አይሰማም።

የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ያየ ደግሞ በመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት «ቫዮሊኑ ይጮኻል» ይላል። ሂችኮክ በመጀመሪያ ያ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲቀርብ ፈልጎ ነበር። በርናርድ ኸርማን በክር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰውን ካሰማው በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ማርሞት የሚባሉ እንስሳትን የሚያጠናው ዳንኤል ብሉምስታይን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት በ102 ፊልሞች ትዕይንቶች ውስጥ ያሉ ድምፆችን መረመረ። የፈራ እንስሳ ጉሮሮ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚያወጣውን ሻካራና ድንገት የሚዘል ድምፅ የሚመስሉ ድምፆች፣ እንደ ፊልሙ ዓይነት እየተለዩ ጥቅም ላይ እንደሚውሉ አሳየ። «ይጮኻል» ያለው አድማጭ ቃሉን በከንቱ አልመረጠም።

ፊዚክስ የሚቆምበት ድንበር

ሁሉም ክርክር ግን በማይክሮፎን አይፈታም። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ ከቤተ ሙከራ ባልደረቦቼ ጋር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ያወጣውን «ብሮክን ፍላወርስ» አየን። በዚህ ፊልም ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለመንገዱ የሚሆን ሙዚቃ ይሰጠዋል፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም ጉዞውን ያጅባል። ባልደረቦቼ «ምስጢር ያዘለ፣ አንድ የተሰወረ ነገር የሚፈልግ ሙዚቃ» አሉት። እኔ የሰማሁት ግን አገር ቤትን ነበር፤ ጉሮሮዬን ተናነቀኝ። ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ ከአንድ ማጉያ፣ አንድ ዓይነት የአየር ግፊት ነበር የደረሰን።

በዚህ ረገድ ጆሽ ማክደርሞትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ትምህርት ሰጪ ነው። በቦሊቪያ ደን የሚኖሩት የፂማኔ ሕዝቦች፣ በምዕራባውያን ጆሮ ተስማሚ የሚባሉትንና የማይስማሙ የሚባሉትን የድምፅ ጥምረቶች እኩል ደስ የሚያሰኙ ሆነው አገኟቸው። ሻካራ ድምፅን ግን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አልወደዱትም። በአንጻሩ ቶማስ ፍሪትዝና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ የምዕራባውያንን ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የካሜሩን የማፋ ሕዝቦች በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ደስታን፣ ሐዘንንና ፍርሃትን በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተዋል። ከምንሰማው አንዳንዱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ አንዳንዱ ያደግንበት ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ልጁን ፈልጌ ወደ ማዳመጫው ክፍል ይዤው ሄድኩ። የለካሁትን ለሁሉም አሳየሁ፤ የሰጠሁት ፍርድ ስሕተት እንደ ነበርም በፊታቸው ተናገርሁ። ይቅርታ ስጠይቀው አቀርቅሮ ቆየና «ታዲያ ድምፁ አየሩ ውስጥ ካልነበረ የት ነበር?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል አንድ ልማድ ተጀምሯል፤ ማንም ስለ ሙዚቃው ከመናገሩ በፊት በምንና የት ሆኖ እንደ ሰማው ያስታውቃል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ራስዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። በነፃ በሚገኝ ድምፅ አመንጪ ፕሮግራም 400፣ 500 እና 600 ኸርዝን በአንድነት በስልክዎ ያሰሙ። ከዚያ የ100 ኸርዙን ድምፅ ለብቻው በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡና ሁለቱን ያነጻጽሩ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛውን ይሰማዋል፤ ሦስቱን ድምፆች ለየብቻ የሚሰማም አለ። ጓደኛዎን ሲጠይቁ ግን መልሱን አስቀድመው አይንገሩት፤ የሰማውን ራሱ ያንጎራጉርልዎ፤ እርስዎም ይጻፉት።